ቦኖው የት ይተከል

ስብሰባ እወዳለሁ። ሳላፍር ነው የምናገረው። ሰው ሠርግ ይወዳል፣ ሰው ገበያ ይወዳል፣ እኔ ስብሰባ እወዳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ጡረታ ስወጣ ከሁሉ በላይ የናፈቀኝ ሰው ተቀምጦ ሲያዳምጠኝ ማየት ነበር። የመንደራችን ሰዎች «የስብሰባ ጸሐፊ ሁኚልን» ሲሉኝ ለወጉ ያህል ሁለት ጊዜ እንቢ አልኩና በሦስተኛው ተቀበልኩ። አራተኛ ጊዜ ላይለምኑኝ ይችላሉ ብዬ ትንሽ ፈርቼም ነበር።

መንደራችን ነቀምቴ ውስጥ፣ ባኬ ጃማ፣ ቁልቁለት ላይ ናት። በታች በኩል ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይገባል። ወደ ላይ ሲሆን ግን ባለባጃጁ አንድ ዋንዛ ሥር ያቆምና «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» ይላል፤ ከዋንዛው በላይ ያሉት ጥቂት ቤቶች የላይኛው ሰፈር ይባላሉ። እኛ የታቾቹ ብዙ ነን፤ አብዛኞቻችንም ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ አለን። አለን ስል በሳምንት ሁለት ቀን፣ በፈረቃ፣ እሱም ደስ ካለው ማለቴ ነው። የላዮቹ ያችም የለቻቸውም። ከመንደሩ ግርጌ ካለው ምንጭ ወርደው ይቀዳሉ። መውረዱስ ምንም አይደል፤ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን አዝሎ ያንን ዳገት መውጣቱን ግን የወጣው ያውቀዋል።

ስብሰባችን በኦሮምኛ ነው። እኔ አባቴ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ያደግኩ ነኝ፤ አንዳንዴ በየትኛው እንደምቆጣ ለራሴም አይታወቀኝም። ሰፈርተኛው «ባርሲስቱ» ይለኛል፣ መምህርቷ ማለት ነው። ሰብሳቢያችን አንድ ክፍል አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባና ነቀምቴ መካከል አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ስብሰባ የሚመራው ተሳፋሪ እንደሚጭን ነው፤ «ግቡ! ተጠጉ! እንሂድ!» ይላል። እኔ ደግሞ ትኬት ቆራጩ መሆኔ ነው።

አንድ ነገር ግን የራሴ ነው፤ በሰው አላሳብብም። መጀመሪያ አካባቢ ሰው አርፍዶ ይመጣና፣ ወይም ጭራሹን ሳይመጣ ይቀርና፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ «እኔ አልተስማማሁበትም» እያለ ነገሩን ሁሉ ያፈርስብን ነበር። አንድ ቀን ደሜ ፈላ። ተነሣሁና «ከዛሬ ጀምሮ ያልተገኘ ድምፅ የለውም!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ በእጅ ብልጫ ጸደቀ። በቃለ ጉባኤው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ሰዓቱን አከበረ፤ እኔም ኮራሁ።

አምና በበጋው አንድ የውሃ ባለሙያ ወጣት መጣና ለመንደራችን አንድ ቦኖ ሊተከል ነው አለን፤ ማንም ጄሪካኑን ይዞ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ። መስመሩ ታችም ላይም መድረስ ይችላል፤ ቦኖው ግን አንድ ብቻ ነው። «የት እንደሚያስፈልግ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ተሰብስባችሁ ወስኑ፤ እጃችሁን ያወጣችሁበት ቦታ ላይ እቆፍራለሁ» አለን። ልስመው ምንም አልቀረኝ። እኔ ድሮም የምለው ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ሰው መርጠን፣ ራቅ ወዳለ ቦታ ልከን፣ ጭቃችንን ሳይረግጥ ስለ ጭቃችን ከሚወስንልን፣ ራሳችን ተቀምጠን፣ ተያይተን፣ ተነጋግረን ብንወስን ይሻላል። ጭቃው የት እንደሚጠልቅ የሚያውቀው እግሩ የገባበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዋንዛው አጠገብ፣ በሰብሳቢው አጥር ጥግ ተሰበሰብን። እንደ ልማዳችን በጸሎት ተከፈተ። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ታች ብዙ ሰው እንዳለ፣ የግቢ ቧንቧ የሚጠፋበት ሳምንት እንዳለ፣ ታች ከሆነ ለባጃጅም እንደሚመች በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ይተከልበት ያልኩት ቦታ ከግቢዬ በር አሥራ ሁለት እርምጃ መሆኑን ግን አላነሣሁም፤ ማንም አልጠየቀኝማ!

ሰብሳቢው «ታች የምትሉ!» ሲል እጅ እንደ በቆሎ ማሳ ቆመ። ከላይኛው ሰፈር የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ዞር ዞር ብለው አዩና ብቻቸውን መቅረት ከብዷቸው እጃቸውን አወጡ። ከጎረቤቴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ደግሞ መጀመሪያ አከራይዋን ቀና ብላ አየች፤ የአከራይዋ እጅ መውጣቱን ካረጋገጠች በኋላ የራሷን አወጣች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ቆጣሪዋ እኔ ነኝና እጅ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ይታየኛል። ግን «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የሚሰማኝ ደስታ አለ፤ እሱን ማበላሸት አልፈለግኩም። የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ነጭ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ መረቁን። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

መዝገቤን ታቅፌ ወደ ቤቴ ስመለስ ዋንዛው ሥር የላይኛው ሰፈር ጎረቤቴን አገኘኋት። ጄሪካኗን በገመድ ከጀርባዋ አስራ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትወጣለች። እኩያዬ ናት። ባሏ ግንበኛ ነበሩ፤ የዚህን ሰፈር ግማሽ መሠረት የጣሉት እሳቸው ናቸው፣ የእኔን የግንብ አጥር ጨምሮ። ከሦስት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያን ሰሞን ብርቱካንና ስኳር ይዤ ጠይቄያቸዋለሁ። ያን ሰሞን ብቻ።

«አካም ቡልቴ፣ ባርሲስቱ?» አለችኝ ቀና ለማለት እየሞከረች። እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። «ጭብጨባ ስሰማ ነበር። ምን ተባለ?»

«ቦኖ ሊተከል ነው፤ ታች ሆነ» አልኳት።

ገመዷን አጥብቃ «ቶሌ» አለች፣ እሺ፣ ደግ ነው። «ብዙ ናችሁ።»

ብትቆጣ ኖሮ እመልስላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። አለመቆጣቷ ግን አናደደኝና፣ ጥፋተኛ ሰው እንደሚያደርገው፣ እኔ ተቆጣሁ። «አንቺ ለምን አልመጣሽም? ቀኑን አልሰማሽም? ስብሰባ ሲባል የላዮቹ ሁልጊዜ ትቀራላችሁ፤ በኋላ ደግሞ ተረሳን ትላላችሁ!»

«እኔ ምንም አላልኩም እኮ» አለች። ጄሪካኑን ድንጋይ ላይ አሳረፈችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምንጭ ወርጄ፣ ተራ ጠብቄ እስክመለስ እሱ ብቻውን ነው። ውሃ የሚያስፈልገኝ ለእሱ ነው፣ አንሶላው በየቀኑ ይታጠባል፣ ገላው ይታጠባል። ከምንጭ መልስ ቶሎ ካልደረስኩ የሚያገላብጠው የለም፤ ጀርባው ይቆስላል። ልጄ ጉቴ ከተማ ነው የተዳረችው፣ በሳምንት አንዴ ትመጣለች። ለስብሰባ የምሰጣችሁን ሰዓት ከየት ላምጣ?» ይህን ስትል ስሞታ አልነበረውም፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ትመስል ነበር። ከዚያ ጄሪካኗን አነሣችና «ሂን ራካቲን» ብላኝ፣ አትጨነቂ ብላኝ፣ ወጣች።

ዋንዛው ሥር ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፤ ከዚያ በፊት እንዴት እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቦኖው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ሴት ስብሰባ ያልመጣችው ቦኖ ስለሌላት ነው። እኛ ደግሞ ቧንቧ ስላለን፣ ጊዜ ስላለን፣ ተሰበሰብንና ወሰንባት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ንግግሩን ያደረግኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ። የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ሳልውል ሳላድር ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። ነገሩን ነገርኩት። መነጽሩን አደረገና መዝገቡን ከእጄ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ ላይ ጣቱን እየጎተተ ቀስ ብሎ አነበበልኝ። «ያልተገኘ ድምፅ የለውም። በቀይ ነው የተሰመረው። ማነው ያሰመረው?»

«ተወኝ እስቲ።»

«ባርሲስቱ፣ መናኸሪያ ለቆ የወጣ አውቶቡስ ለአንድ ሰው ብሎ አይመለስም።»

«አንተ ትመለስ ነበር! ከተማው ሁሉ ያውቅሃል፤ ነፍሰ ጡር ቀረች ተብለህ ከመንገድ ዞረህ መጥተሃል።»

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በመጨረሻ፣ ከአባወራውና ከእማወራው ግማሹ ከፈረመ ውሳኔው እንደገና ይታያል አለኝ። ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጥቂቶች ፈረሙ። ብዙዎቹ «እሷስ አሳዘነችን፣ ግን...» አሉ፤ ያቺ «ግን» የምትባል ቃል ስንት በር እንደምትዘጋ ያን ሳምንት አየሁ። አንዱ፣ ባለሱቁ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ፊት ለፊት ተናገረኝ። «እጅ አውጥተን የወሰንነው በሳምንቱ የሚፈርስ ከሆነ ለምን እናወጣለን? ዛሬ ለእሷ፣ ነገ ለሌላው። የሚያሳዝን ሰው መቼ ይጠፋል? በዚህ ከቀጠልን ስብሰባውን የሚያከብር አይኖርም።»

እውነቱን ነው፤ የሕዝብ ውሳኔ ማንም እያለቀሰ የሚገለብጠው ከሆነ ዋጋ የለውም። የእኔም ነገር እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ በር እኩል ሊገቡ ሲሉ ተጣብቀው ቀሩብኝ። ፊርማውም ግማሽ አልሞላም።

ተስፋ ቆርጬ ወረቀቱን አጣጥፌ ሳለ ነው ሌላው የመጣልኝ። ሕጋችን ስለ ሰዓት ይናገራል፣ ስለ እጅ ይናገራል፤ ስለ ቦታ ግን አንድም ቃል የለውም። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚውለው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሰብሳቢውን «የፈለግከውን አጀንዳ ያዝ። እኔ የምልህ፣ ስብሰባውን እዚያ ላይ፣ ግንበኛው ግቢ እናድርገው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተኝተው መንደሩ ተሰብስቦ አልጠየቃቸውም። መጠየቅም አንድ ነገር ነው» አልኩት። በእኛ አገር የታመመ ለመጠየቅ ፊርማ አይሰበሰብም፤ «አልሄድም» የሚል አፍም የለም። ሰብሳቢው አየኝ፤ ተንኮሌ ገብቶታል። «ተሳፋሪውን ዳገት ልታስወጪው ነው» አለኝ፣ ግን እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ወጣ። የታችኛው ሰፈር ሰው ዋንዛውን ሲያልፍ የሚያሰማውን ትንፋሽ ብትሰሙ! ባለሱቁ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሰብሳቢያችን፣ ዕድሜውን ተቀምጦ የኖረ ሰው፣ ጉልበቱን ይዞ «ለካ ይህ መንገድ እንዲህ ነው?» አለ። ባዶ እጃችንን ነበርን እኮ፣ ምንም አልተሸከምንም። እሷ ከላይ ሆና «ኦል ኮታ! ኦል ኮታ!» ትላለች፤ ውጡ፣ ኑ ማለቷ ነው። ፊቷ ግን ፈራ ተባ ይላል። የነገርኳት የዋዜማው ዕለት ነው፤ ያን ሁሉ እንግዳ በምን እንደምታስተናግድ ስትጨነቅ ኖራ፣ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ምንጭ መውረዷን በኋላ ሰማሁ።

ዳገት የወጣ ሰው ውሃ ይላል። እንግዳ ውሃ ሲል ደግሞ የለም አይባልም። በጆግ እየቀዳች በኩባያ ታዞር ጀመር። ጠጣን። እኔም ጠጣሁ፤ ጠምቶኝ ነበር። አንደኛው ጄሪካን አለቀ፣ ሁለተኛው ተከፈተ። ልጆች ጠጡ፣ አዛውንቶች ጠጡ። ሰብሳቢያችን «ማሎ፣ እባክሽ፣ አንድ ልድገም» አለ። ሦስተኛውን ጄሪካን ዘቅዝቃ፣ ቂጡን ከፍ አድርጋ ኩባያው ላይ አንጠፈጠፈችው። ግማሽ ኩባያ ነው የወጣው። በሁለት እጇ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አቀረበችለት። ሰብሳቢያችን ኩባያውን ይዞ ቀረ፤ መጠጣትም መመለስም አልቻለም።

ሽማግሌው ኩባያቸውን ገና አልቀመሱም ነበር። «ቢሻን ኩን ኤሳ ዱፌ?» ብለው ጠየቁ፤ ይህ ውሃ ከየት መጣ? እሷ በአገጯ ቁልቁል ወደ ምንጩ ጠቆመች። ሁላችንም ዞረን አየን። ከእሷ ግቢ ምንጩ ይታያል፤ ሩቅ፣ ከጣሪያዎቻችን ሁሉ በታች። ሽማግሌው ተነሡ፣ ኩባያቸውን እንደሞላ ይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ ባሏን ራሳቸው አጠጧቸው። ከዚያ ወጥተው «በሽተኛው አየር ያግኙ፣ አልጋው ወደ ደጅ ይውጣ» አሉ። አራት ወንዶች አልጋውን አንሥተው ከበሩ አጠገብ፣ ጥላው ሥር አደረጉት። ግንበኛው ቀጥነዋል። ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ግድግዳ የሚለካ ዓይን።

አጀንዳው ምን ነበር? ስለ መንገድ መብራት ይመስለኛል። ማንም አላነሣውም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «የቦኖውን ነገር እንደገና ማንሣት የሚቃወም አለ?» አለ። ባለሱቁ እጁን አወጣ። «እኔ እቃወማለሁ። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ለውሃው ከሆነ እኔም ጄሪካን ተሸክሜ ላመጣላት እችላለሁ። የምቃወመው ስለ ውሳኔው ነው። ይጻፍልኝ።» ጻፍኩለት። በሙሉ ድምፅ የምትለው ዓረፍተ ነገሬ ተበላሸች፤ ግን ያን ቀን እንደ እሱ ያከበርኩት ሰው የለም። በፊተኛው ስብሰባ እንደ እሱ ያለ አንድ ሰው ቢኖረን ኖሮ እኔ አሥራ ሁለት እርምጃዬን ባልሸፋፈንኩ ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። ተከራይዋ ተነሣች፣ ሕፃኗን እያወዛወዘች። በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «እኔስ?» አለች። «እኔ ታች ነኝ፣ ግን ቧንቧ የለኝም። የግቢው ቧንቧ የአከራዬ ነው፣ ለእኔ የሚከፈተው እሷ ስትፈልግ ነው። ባለፈው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቦኖው ለእኔም ደረሰልኝ ብዬ። አሁን ለእሳቸው ብላችሁ ከእኔ ልትወስዱ ነው። እሳቸው ያሳዝናሉ። እኔ ስለማላሳዝን ነው?» አከራይዋ መሬት መሬቱን አየች።

አንዷን ስናክም ሌላዋን ልናቆስል ነው። በእጅ ብልጫ የሚያልቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ እጁ ያነሰበት ሰው ቤቱ ሲገባ ጥማቱ አብሮት ይገባል። ቦኖው ደግሞ አንድ ነው።

ሽማግሌው ናቸው የተናገሩት። «ታች ቧንቧ ያላችሁ ስንት ናችሁ?» አሉ። እጅ ወጣ። «ቁልፍ ያለበትስ?» እጆቹ ወረዱ፣ ማንም እውነቱን በእጁ መናገር አልወደደም። የእኔ ቧንቧ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ መክፈቻው ከአንገቴ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ደረቴ ውስጥ ነው የሚውለው። ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌው እኔን ባያዩም ሌላው ሁሉ እኔን አየ። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ክሩን ከአንገቴ አወጣሁና «ውሃ በሚመጣበት ቀን የእኔ ግቢ ለተከራይ ሁሉ ክፍት ነው» አልኩ። አከራይዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው። ይሉኝታ በፊተኛው ስብሰባ አሳስታን ነበር፤ በዚህኛው አስተካከለችን። ይሄው እስከ ዛሬ በፈረቃው ቀን ግቢዬ ገበያ ነው፤ ተከራይዋ በሳሙና አረፋ ጎመኔን ታጥለቀልቅብኛለች፣ እኔም እጮህባታለሁ፣ እሷም ትመልስልኛለች። ልጇ እኔ ጋ ነው መራመድ የጀመረው።

ይህ ሦስተኛ መንገድ በማናችንም ራስ ውስጥ አልነበረም። የውሃው ባለሙያ ላይ ወይስ ታች ብሎ ጠየቀን፤ እኛም ላይ ወይስ ታች ብለን ተከራከርን። የቧንቧው ቁልፍ የወጣው ያ ሁሉ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዷ «እኔስ?» ብላ ስለተነሣች ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ኀፍረት ደርሶብኝም ስብሰባ የምወደው። ወረቀት ላይ ምልክት አድርገን ሳጥን ውስጥ ብንጨምር ኖሮ ተከራይዋ አከራይዋን ሳታይ በነጻነት ትመርጥ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ ብዙም አስቤበታለሁ። ግን «እኔስ?» የሚለውን ሳጥን ውስጥ መጨመር አይቻልም።

ሰብሳቢያችን ተነሣ። «እንሂድ» አላለም ያን ቀን። ቀስ ብሎ፣ «ቦኖው እዚህ፣ ላይ ይተከል የምትሉ» አለ።

እጆች ወጡ። እየተያየን አልነበረም፤ ወይም ተያይተን ከሆነም ቀድመን ነው። ተከራይዋ አከራይዋን ሳታይ አወጣች። ባለሱቁ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ፤ ቃሉን አላጠፈም። እኔ ከአጥሩ ጥግ ጀምሬ እየቆጠርኩ፣ በረድፍ በረድፍ እያለፍኩ አልጋው ጋ ደረስኩ።

ግንበኛው የሚታዘዝላቸውን እጅ፣ ግራውን፣ አውጥተውት ነበር። ክርናቸውን ከትራሱ ጋር አስደግፈው ነው የያዙት። ሚስታቸው ከእግራቸው በኩል ቆማ የራሷን እጅ እንዳወጣች እሳቸውን አላየችም ነበር፤ ዓይኔን ተከትላ ዞረችና አየች፣ ነጠላዋንም ወደ አፏ ወሰደች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። መናገር የማይችል ሰው ድምፅ ይቆጠራል ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና።

«ቆጥሬያለሁ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሽማግሌው መረቁ። ሰው እጁን አወረደ፣ ጨዋታ ተጀመረ፣ ልጆች መሯሯጥ ያዙ። ግንበኛው ግን እንደያዙት ናቸው። ሚስታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ክንዳቸውን ከሥር ደገፈችና ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ «ለካኣሜራ፣ ተቆጥሯል እኮ፣ አውርደው» አለቻቸው። ሰምተዋታል፤ አይተዋታልም። አላወረዱም።